ድምፁ እምቢ አለ

ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

ሰላምታዬ ባሕሩንም በረዶውንም ተሻግሮ ጎተንበርግ ድረስ ይምጣልህ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። እኔ አክስትህ ዘርፌ ደህና ነኝ፤ እናትህ የሺአረግ ደህና ናት፤ ጎረቤታችን አቶ ገሰሰም ከጨጓራቸው በቀር ደህና ናቸው።

ኮምፒውተሩ ደርሷል። የሀቢባን ውለታ አላህ ይክፈላት፤ ከስቶክሆልም እስከ ቦሌ ካሜራውን በእጇ ይዛ ነው የመጣችው። ጉምሩክ ላይ ክቡን ካሜራ አይተው «ይህ ኳስ ምንድን ነው?» ቢሏት «ዓይን ነው፣ ለአንዲት እናት የተላከ» ብላ አሳቀቻቸው። ከአባቷ ሱቅ ከረሜላ እየሰረቀች ታበላህ የነበረችው ልጅ ዛሬ ባለ ትልቅ ሻንጣ ነጋዴ ሆናለች።

የት እንዳስቀመጥኩት ልንገርህ። ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻና ውል የጻፍኩበትን የጽሕፈት መኪና መስኮቱ ሥር አወረድኩትና ቦታውን ለአንተ ማሽን ሰጠሁ። ባለጉዳዩ ሁሉ «ዘርፌ ቴሌቪዥን ቤት ከፈተች» እያለ አንገቱን በበሩ ያስገባል። ደስታዬን አልደብቅህም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ አዲስ ትምህርት ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የልብስ ስፌቱን ካልቆጠርነው፣ እሱንም አልጨረስኩት።

እናትህ ከኅዳር ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት፤ ክሊኒኩ ይቀርባታል። ኩላሊቷ እንደነበረው ነው። ሐኪሙ ጨው ከለከላት፣ እሷ ደግሞ ሐኪሙን ጠልታዋለች። «አቶ ገሰሰ ቤት ሄደን ለፊሊጶስ ስልክ እንደውልለት» ስላት «ፊት የሌለው ድምፅ ምን ያደርግልኛል» ትላለች። የመኖሪያ ወረቀትህ ሳይወሰን ከአገር ብትወጣ የሰባት ዓመት ድካምህ ከንቱ እንደሚሆን ሀቢባ በደንብ አስረድታናለች። አንተ መምጣት ካልቻልክ እናትህን በዲስክ እንልክልሃለን፤ ፊቷንም ድምፅዋንም።

አሁን ችግሩ። ፕሪንተሬን ነቅዬ የካሜራውን ገመድ በቦታው ሰካሁ። ለብቻው በወረቀት የላክህልኝን ትእዛዝ አንድ ፊደል ሳልስት ጻፍኩ። ማሽኑ «ዕቃው ሥራ ላይ ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። ምን ሥራ ላይ ነው? ከመጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ምን ላድርግ?

አክስትህ ዘርፌ

ጎተንበርግ
የካቲት 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘርፌ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ብርዱ ካልሆነ በቀር ምንም አልሆንኩም። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ።

«ሥራ ላይ ነው» ማለቱ እውነቱን ነው። ፕሪንተሩን ብትነቅዪውም የፕሪንተሩ ፕሮግራም ቀዳዳውን እንደያዘው ነው፤ ካሜራው በዚያው በር ሊገባ ሲል «ሰው አለ» ይባላል። ፕሮግራሙን የሚያስለቅቀውን ትእዛዝ በሌላው ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ቀጥሎ የካሜራውን እንደገና ጻፊ። የሚቀዳው ፕሮግራም ራሴ የሠራሁት ነው፤ ምስሉን በአንድ ፋይል፣ ድምፁን በሌላ ፋይል ያስቀምጣል።

እዚህ በምሠራበት ትምህርት ቤት አርባ እንዲህ ዓይነት ማሽኖችን እጠብቃለሁ። ሁሉም እንደ አንቺው ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው የሚሠሩት፤ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። እምቢ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሌላ ነገር ይዞት ነው። የያዘውን ፈልገሽ ማስለቀቅ ነው።

የወረቀቴ ውሳኔ ሰኔ 2 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣለሁ። እስከዚያ የእናቴን ጤና አትደብቂኝ። ኩላሊቷ «እንደነበረው ነው» ስትይ እንዴት እንደነበረ ነው?

ልጅሽ ፊሊጶስ

ቦሌ ሚካኤል
የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስህ። እኔም እናትህም በአምላክ ቸርነት ደህና ነን።

በራ። ምስሉ በራ ልጄ። ትእዛዝህን እንደጻፍኩ የካሜራው መስኮት ተከፈተና የራሴን አፍንጫ አየሁ። ጮኼ ነው አቶ ገሰሰን የጠራኋቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ለራሳቸው ምስል እጅ ነሱ።

እናትህን ደግፌ አመጣኋትና አስቀመጥኳት። ስክሪኑን ትኩር ብላ አይታ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ» አልኳት።

«እኔ እንዲህ ጠቁሬያለሁ?»

ካሜራው ቀለም እንደማያውቅ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። አልተቀበለችኝም። «ልጄ እናቱ ከሰለች ይላል፤ ዱቄት ቀቢኝ» አለች። ነጭ ሻሽ አሰርኩላትና ተስማማን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራችህ። ምክርም ነበረበት፣ የሀቢባን እናት ማማትም ነበረበት፤ እሱን በኋላ እንድቆርጠው ለምናኛለች።

ግን ስንሰማው ድምፅ የለም። የድምፁ ፋይል ተፈጥሯል፣ መጠኑን ሳየው ዜሮ ይላል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አውርታ ዜሮ። እንዳይከፋት «ፊሊጶስ እዚያ ሲከፍተው ይሰማል» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዲስኩን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ከፊቷ ጀምር።

የማሽኑ ቀን የተዛባ ስለነበር እኔው አስተካክዬዋለሁ፤ 1991 ብዬ።

ስለ ኩላሊቷ ጠይቀኸኛል። ሐኪሙ ትመላለስ ብሏል፣ እየተመላለስን ነው።

አክስትህ ዘርፌ

ጎተንበርግ
መጋቢት 2 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘርፌ፣

ጤናችሁን ይስጥልኝ። ዲስኩ ደረሰኝ። በሥራ ቦታ ከፈትኩትና መልሼ ዘጋሁት፤ ቤት ወስጄ ብቻዬን ነው ያየሁት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከንፈሯን አየሁ። በመካከሉ ስሜን የጠራችበትን ቦታ አወቅኩት። እሱን ብቻ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አልነግርሽም።

የድምፁ ነገር እንደ ካሜራው ነው። ማሽኑ ሲነሣ ደወል የሚያሰማው ፕሮግራም አለ፤ ድምፅን የያዘው እሱ ነው። ማጥፊያውን ጽፌልሻለሁ። ቀጥለሽ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ክፈቺ፤ ማይክራፎን በሚለው ፊት ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ምንም አይሰማም። ሰባ አድርጊው። ከዚያ አጨብጭቢና ራስሽን አዳምጪ። ከሰማሽ እናቴን ጥሪ።

ቀኑን ግን አበላሽተሽዋል እትዬ። ማሽኑ የፈረንጅ ነው፤ 1991 ስትዪው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። በፈረንጅ 1999 አድርጊው፤ ወሩንም ሰዓቱንም በነሱ። አለዚያ ፋይሎቹ ይደበላለቁብናል።

ፊቷ ያበጠ መሰለኝ፤ እጇም። ካሜራው ነው በይኝ።

ልጅሽ ፊሊጶስ

ቦሌ ሚካኤል
መጋቢት 27 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ያልመለስኩት ሰሞኑን ቤታችን ሰው ስለበዛ ነው። ጾም ነውና ሰው ይጠያየቃል። ማሽኑንም ልጆች እንዳይነኩት በነጠላ ሸፍኜዋለሁ።

ቀኑን እንዳልከኝ አስተካክያለሁ። ድምፁ ግን እምቢ አለ። ያልከኝን ሁሉ አድርጌአለሁ፤ አልሆነም። አትድከም፣ አሮጌ ማሽን ነው። ፊቷ ያልከው ካሜራው ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚያ ከተማ ካሉት ሐበሾች በጣም የሚቀርብህ ማን ነው? ስሙንና ስልኩን ላክልኝ። ባለትዳር ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው፣ ሰው ብቻውን ሲኖር ያሳስባል። ትበላለህ? ሥራ የማትገባው በየትኛው ቀን ነው?

አክስትህ ዘርፌ

ጎተንበርግ
ሚያዝያ 8 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ዘርፌ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

ለፋሲካ አቶ ገሰሰ ቤት ስልክ ደወልኩ። እትዬ ዘርፌን ጥሩልኝ ስላቸው ክፍለ አገር ሄዳለች አሉኝ። አንቺ መቼ ነው ክፍለ አገር ሄደሽ የምታውቂው? እናቴንስ ብላቸው መልሰው «አጠገብህ ሰው አለ?» አሉኝ። ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። «እንግዲያው ደህና ነው፤ ሁሉም ደህና ነው» ብለው ዘጉት። ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ሆኜ እሳቸው ቸኮሉ።

የጓደኛ ስም ለምን እንደፈለግሽ አልገባኝም። አልላክሁም።

ድምፁ ላይ ግን ተስፋ አልቆርጥም። ማሽኑ ራሱ ይናገር። በሌላው ወረቀት ሁለት ትእዛዝ አለ። አንዱ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ቁጥሮች ያወጣል፤ ሁለተኛው በውስጡ ያለውን ፋይል ሁሉ ይዘረዝራል። በስክሪኑ የሚወጣውን እንዳለ በጽሕፈት መኪናሽ ገልብጠሽ ላኪልኝ። ምን እንደሚል ለመረዳት አትድከሚ፤ አንድ ቁጥር እንዳትዘዪ ብቻ። ለፋሲካ የቀዳሻትም ካለ ላኪልኝ፤ ድምፅ ባይኖረውም።

ልጅሽ ፊሊጶስ

ቦሌ ሚካኤል
ሚያዝያ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። እኛ ደህና ነን። አቶ ገሰሰን ታውቃቸዋለህ፤ ስልክ ሲያነሡ ጆሯቸው ይደክማል። ክፍለ አገር ያሉት ገበያ ለማለት ነው።

ያዘዝከኝ ይኸውልህ፤ ሦስት ገጽ ሞላ። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ እንደሆነ እይልኝ። ነጥቡ ነጥብ፣ ሰረዙ ሰረዝ፣ ቁጥሩ ሁሉ በዓምዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይቀር ገልብጫለሁ፤ ማን ተፈረደበት ብትለኝ አላውቅም፣ የዘለልኩት ፊደል ግን የለም። ታይፒስት የሚያነበው በጣቱ ነው። ማይክራፎኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ግን እኔም አይቻለሁ፤ እንግዲህ የተበላሸው እሱ ነው።

የፋሲካ ዕለት የቀዳሁትን ዲስክ አብሬ ልኬያለሁ። ድምፅ የለውም።

ደግሜ ልለምንህ፣ የጓደኛህን ስም ላክልኝ። ቤተ ክርስቲያን አብሮህ የሚሄድ የለም? ዲያቆንም ቢሆን። አደራህን እንዳትቆጣኝ።

አክስትህ ዘርፌ

ጎተንበርግ፣ በፈጣን ፖስታ የተላከ
ሚያዝያ 30 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፌ፣

ሥራሽ ንጹሕ ነው። አንድ ቁጥር አልዘለልሽም። ስለዚህ አነበብኩት።

የፋሲካ ነው ብለሽ የላክሽልኝ ዲስክ የየካቲቱ ነው። ሻሹ ያው ነው፣ ስሜን የምትጠራበት ቦታም ያው ነው። እዚያን ቦታ ማንም አያታልለኝም፤ በቃሌ ነው የማውቀው።

በዝርዝርሽ ሁለተኛ ገጽ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ የድምፅ ፋይል አለ። ቀኑ በፈረንጅ ማርች 29 ነው፤ መጋቢት 20። በዚያን ጊዜ ማሽኑን አስተካክለሽው ስለነበር ቀኑ እውነት ነው። የፋይሉ መጠን ዜሮ አይደለም። አምስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው። ፕሮግራሜ ለአንድ ሰከንድ ድምፅ ስምንት ሺህ ይወስዳል። አካፈልኩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በማሽኑ ውስጥ አንድም ምስል፣ አንድም ድምፅ የለም። ማይክራፎኑም ተበላሽቶ አይደለም፤ ሰባ የነበረውን ሰው ነው ወደ ዜሮ ያወረደው። እንዴት እንደሚወርድ ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ።

ደብዳቤዎችሽንም እንደ ዝርዝሩ አነበብኳቸው። እስከ የካቲት «እኔም እናትህም ደህና ነን» ትያለሽ። ከመጋቢት ወዲህ «እኛ» ብቻ ነው።

የሰው ስም ለምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። የአባቴን መርዶ ስትነግሩኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያን ዕለትም በማለዳ ነበር ቤቱ በሰው የሞላው። ስም አልልክም። ጠዋት በሬን ቢያንኳኩ አልከፍትም። ለግንቦት 17 ትኬት ቆርጫለሁ። ውሳኔው ይቅር፣ ወረቀቱም ይቅር፤ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።

እምቢ ያለ ነገር ተበላሽቶ አይደለም፣ ሌላ ነገር ይዞት ነው ብዬሽ ነበር። አንቺን የያዘሽ ምንድን ነው?

ፊሊጶስ

ቦሌ ሚካኤል፣ በሀቢባ እጅ የተላከ
ግንቦት 10 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፊሊጶስ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ።

ይህን ወረቀት የምታነበው እነሱ ከነገሩህ በኋላ ነው፤ እንደዚያ ነው ያዘዝኳት። አልከፍትም ብለህ ነበር፤ ግን ሀቢባን በር ላይ ጥለህ እንደማትተኛ አውቃለሁ። አብሯት ያለው ሰው ተስፋጽዮን ይባላል፤ የከተማችሁ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው። ስሙን ከአንተ ባላገኝ ሀቢባ ከሰው ጠይቃ አገኘችው። አድራሻህ መቼም ከፖስታው ጀርባ ነበር። ሦስት ቀን ካንተ ጋር ያድራሉ። አታባርራቸው።

የሺአረግ ያረፈችው መጋቢት 24 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሚካኤል ነው የተቀበረችው። ባለፈው ማክሰኞ አርባዋን አወጣን። ያን የመጋቢቱን ደብዳቤ የጻፍኩልህ በሠልስቷ ማግስት ነው፤ «ሰው በዛ» ያልኩህ ለቀስተኛ ነበር። ማሽኑን በነጠላ የሸፈንኩት ከልጆች አልነበረም፤ ያ ዓይን እኔን ሲያየኝ ስላልቻልኩ ነው።

የያዘኝን ጠይቀሃል፤ እናትህ ናት የያዘችኝ። መጋቢት 20 ያልከኝን ሁሉ አደረግኩ፤ አጨበጨብኩና የጭብጨባዬን ድምፅ ሰማሁ። አልጋዋ ድረስ ገመዱን ስቤ ካሜራውን በሣጥን ላይ አቆምኩላት። አሥራ አንድ ደቂቃ አወራችህ። ሲያልቅ እጄን ያዘችና፣ ይህን ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ወረቀቱን ያጣል፤ ሰባት ዓመቱን በእኔ አላስበላም አለች። ውሳኔው እስኪወጣ ድምፁ አይሠራም በይው አለችኝ። አስምላኛለች። ያስተማርከኝን ቁጥር ከሰባ ወደ ዜሮ ያወረድኩት እሷ ፊት ነው።

እኔ የረሳሁት ማሽኑ የማይምል መሆኑን ነው። በገዛ ጣቴ ሦስት ገጽ ምስክር ጽፌ በራሴ ላይ ላክሁ። ወረቀትህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ብቻዬን ይዤው ነበር።

አሁን ትኬትህን ለተስፋጽዮን ስጠው፤ እሱ ይያዝልህ። የፈለግከውን ማድረግ የአንተ ነው፣ ትልቅ ሰው ነህ። ቀብሯ አለፈ፣ አርባዋም አለፈ፤ ብትመጣ የምታገኘው እኔንና ድንጋዩን ነው። ሰኔ 2 ግን ገና ነው። እሷ የጠየቀችህ እሱን ብቻ ነው።

ዲስኩ ሀቢባ ዘንድ አለ። ድምፁ ደህና ነው ልጄ፤ ከመጋቢት 20 ጀምሮ ደህና ነበር። ምስሉ ትንሽ ጨለማ ነው፣ መስኮቱን ዝጊ ስላለችኝ። ስትከፍተው ሀቢባ አጠገብህ ትቀመጥ። አስቀድሜ የምነግርህ አንድ ነገር አለ፣ እንዳትደነግጥ። ተናግራ ስትጨርስ የማጥፊያውን ትእዛዝ ሳትኩ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ አንድ ፊደል የዘለልኩት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ማሽኑ ትንሽ ቀጥሏል። እናትህ ዓይኗን ከካሜራው አንሥታ ወደ እኔ ታያለች። «ጠፋ?» ትለኛለች። «ጠፍቷል» እላታለሁ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

አክስትህ ዘርፌ